የተቆረጡ ጥቃቅን የደም ሥሮች ጥገና እና የደም መርጋት መከላከል

በታች አርማጭሆ ወረዳ፣ በሳንጃ ከተማና አካባቢዋ በሰሊጥና በማሽላ አጨዳ ወቅት በማጭድ እጅን መቆረጥ ሊያጋጥም ይችላል። ጥልቅ ቁስል የደም ሥርን ሲቆርጥ ደም ያልደረሰው የአካል ክፍል በጊዜ ካልታከመ ይሞታል። እጅ ወይም ክንድ ከተቆረጠ ጡንቻው ሳይቀዘቅዝ ከ6 ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም። የተቆረጠ ጣት በአግባቡ ከቀዘቀዘ እስከ 24 ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል።

በአደጋው ስፍራ የሚደረግ እርዳታ

ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና እጁን ከፍ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። የቡና ዱቄት፣ አፈር ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ ማድረግ አይገባም። የተቆረጠው ክፍል በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ከታሸገ በኋላ፣ ላስቲኩ በረዶ በያዘ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። በረዶ በቀጥታ ከነካው ሥሮቹ ይጎዳሉ።

የሕክምናው አሰጣጥ

ተጎጂው በቅድሚያ ወደ ሳንጃ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሊቀርብ ይገባል። በዚያም ደሙ እንዲቆም ተደርጎ በሪፈር ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ እንዳስፈላጊነቱም ወደ ሌላ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል። ሕክምናው ልዩ ባለሙያና መሣሪያ ስለሚጠይቅ በሁሉም ተቋማት አይሰጥም።

የጣት ደም ሥር ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ በማይክሮስኮፕ እየታገዘ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣት በዚህ ዘዴ ተመልሶ ተተክሏል። በተጎዳ ወይም በተወጠረ ሥር ውስጥ ደም ስለሚረጋ፣ ሐኪሙ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ ያስወግዳል። ሥሩ ካጠረም ከሌላ የአካል ክፍል በተወሰደ ሥር ይቀጥለዋል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ደም የመርጋት አደጋ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነው። ታካሚው እጁን ሞቅ ባለ ሁኔታና ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ፈሳሽ በበቂ መጠን መውሰድ፣ እንዲሁም ሥርን ከሚያጠብበው ሲጋራ መራቅ አለበት። አስፕሪንና ሄፓሪንን የመሰሉ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳሉ። ጣቱ ከገረጣና ከቀዘቀዘ ደም ወደ ውስጥ አልገባም፤ ከጠቆረና ካበጠ ደግሞ መውጫው ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለቱም ምልክቶች በታዩበት ቅጽበት ለነርስ ወይም ለሐኪም ሊነገሩ ይገባል፤ የረጋው ደም በፍጥነት ከተወገደ ጣቱን ማትረፍ ይቻላልና።