ተጨማሪ መረጃ፦ ወተትም ምትኩም የማይስማማው ልጅ

የላም ወተት አለርጂ የሚነሣው የሰውነት መከላከያ የወተቱን ፕሮቲኖች፣ በተለይ ኬዚንንና ቤታ ላክቶግሎቡሊንን፣ እንደ ጎጂ ባዕድ ነገር ሲቆጥር ነው፤ የወተት ስኳር አለመፈጨት ሌላ ችግር ነው። የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ምትክ አይሆንም። አንዳንዱን ልጅ በወተት ምትክ የሚሰጠው አኩሪ አተርም አይስማማውም፤ ለእሱ ሐኪም የሚያዝዘው ፕሮቲኑ የተሰባበረ ወይም ከአሚኖ አሲድ የተሠራ ፎርሙላ ሲሆን ዋጋው ቀላል አይደለም። የሩዝ መጠጥ ፕሮቲኑ ጥቂት በመሆኑ ወተትን አይተካም።

ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 700 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል። ጤፍና ጎመን የተወሰነውን ይሸፍናሉ፤ ቀሪውን ሐኪም በሽሮፕ ሊያሟላ ይችላል። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ምስርና ሽሮ፣ የሚስማሙት ከሆነ፣ ፕሮቲን ይሰጡታል። የጾም ወጥ ለእንዲህ ያለው ልጅ ምቹ ነው፤ የጾም ኬክ ግን አኩሪ አተር ሊኖረው ይችላል። ንጥር ቅቤ እንኳ ጥቂት የወተት ፕሮቲን ስለሚቀርበት በዘይት ይተካል። በታሸጉ የልጆች ዱቄቶች ውስጥ የወተት ዱቄትና አኩሪ አተር የተለመዱ በመሆናቸው የጀርባው ጽሑፍ ይነበባል።

ልጁ በአለርጂው ምክንያት ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ብዙዎቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ አለርጂው ይተዋቸዋል፤ ወተት መልሶ የሚሞከረው ግን በሐኪም ክትትል ነው።