“ኬብል 2 ፍሬ” የሚል ፕሮፎርማ ስንት ያስከፍላል?

በወልድያ ከተማ ሰርቨር ለመግዛት የተነሳ መሥሪያ ቤት እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል። የሰርቨሩ ዓይነት፣ የሬይድ ካርዱ ሞዴልና የሃርድ ዲስኮቹ መጠን በየተራ ይሰፍራሉ። ከሥር “ኬብል 2 ፍሬ” የምትል አጭር መስመር ትከተላለች። ከጠቅላላው ዋጋ ድርሻዋ ትንሽ በመሆኑ ማንም አይከራከርባትም። ይሁን እንጂ ዕቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሥራውን ሁሉ ልታስፈታ የምትችለው ይህችው መስመር ናት።

ጉዳዩ ለሰሜን ወሎ ገዢ ተራ አይደለም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በቆየችበት ወቅት፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል። ኮምፒዩተር ተመልሶ ይገዛል። የተማሪ ውጤትና የብዙ ዓመት የሰብል ሙከራ መረጃ ግን ከጠፋ በየትኛውም ገበያ አይገኝም።

የዋጋው ነገርም አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር፣ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በመሆኑም ደኅና ሃርድ ዲስክን “ተበላሽቷል” ብሎ ማውጣት ዛሬ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ርካሽ ዲስኮች በማኅበር

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ ነው። ሐሳቡን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በስሙ ጽፈው ያቀረቡት ሦስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ መነሻቸውም የዋጋ ስሌት ነበር፤ አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት ርካሾቹን በርከት አድርጎ ማጣመር። በ“ሬይድ 5” አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራ አይቆምም። በ“ሬይድ 6” ሁለት ቢሞቱም መረጃው ይተርፋል። ነገር ግን ካርዱ ከዲስኮቹ ጋር የሚነጋገረው በኬብል በኩል ብቻ ነው። ኬብሉ ከላላ ካርዱ ደኅናውን ዲስክ እንደ ሞተ ይቆጥረዋል።

ሳስና ሳታ

በገበያው ላይ ለሰርቨር የሚቀርቡት የተለመዱ ዲስኮች ሳስና ሳታ ይባላሉ። ሳታ ዲስክ በሳስ ካርድ ላይ ይሠራል። ሳስ ዲስክ ግን በተራ የማዘር ቦርድ ሳታ መሰኪያ ላይ አይሠራም፤ የሳታ ኬብልም አይገባለትም። በሳታ ዲስክ ላይ በመረጃውና በኃይል መሰኪያው መካከል ያለው ክፍተት በሳስ ዲስክ ላይ ተደፍኗል። ስለዚህ “ሁሉም ያው ነው” ብሎ ያገለገለ ሳስ ዲስክ በርካሽ የገዛ ነጋዴ፣ ተስማሚ ካርድ ከሌለው ዲስኩን ታቅፎ ይቀራል።

በካርዱ በኩል ያለው መሰኪያም ዘመን አለው። በቀደሙት የ6 ጊጋቢት ካርዶች ላይ የተለመደው ኤስኤፍኤፍ-8087፣ በ12 ጊጋቢቶቹ ላይ ደግሞ ኤስኤፍኤፍ-8643 ነው። ሁለቱም አራት አራት መስመር ይይዛሉ። ስምንት ዲስክ የሚይዝ ካርድ ሁለት ኬብል የሚፈልገው ለዚህ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም።

መልኩ አንድ፣ ሥራው ሌላ

ገዢንም ሻጭንም ይበልጥ የሚያሳስተው አንድ ጫፉ ሰፊ ሆኖ ሌላው ጫፉ ወደ አራት ሳታ የሚበተነው ኬብል ነው። ይህ ኬብል ሁለት ዓይነት ነው። “ፎርዋርድ” የሚባለው ከሬይድ ካርድ ተነስቶ ወደ አራት ዲስኮች ይሄዳል። “ሪቨርስ” የሚባለው ደግሞ ከማዘር ቦርዱ አራት የሳታ መሰኪያዎች ተነስቶ፣ ዲስኮች ወደሚሰኩበት የጀርባ ሰሌዳ፣ ማለትም ወደ ባክፕሌን ይሄዳል። በመደርደሪያ ላይ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ በሁለቱም በኩል በትክክል ይሰካሉ። የውስጥ ሽቦዎቻቸው አሰላለፍ ግን ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ዲስኮቹ አይታዩም። ባለሙያው ካርዱን ይጠረጥራል፣ ካርዱ ተመልሶ ይላካል፣ ቀናት ያልፋሉ። መርሳ ላይ ላለ ገዢ ደግሞ ሌላ መንገድ ይጨመራል፣ ባለሙያው ከወልድያ ሄዶ እስኪመለስ።

ዲስኩ ወይስ ኬብሉ?

ዲስክ “ወደቀ” ሲባል ወዲያው አዲስ ከማዘዝ በፊት መዝገቡን ማየት ይበጃል። ብዙ የሳታ ዲስኮች ስማርት በሚባለው የራስ መመርመሪያቸው በ199 ቁጥር የማስተላለፍ ስህተትን ይቆጥራሉ። ይህ ቁጥር እየጨመረ፣ በ5 ቁጥር የሚመዘገበው የተበላሹ ክፍሎች ቆጠራ ግን ዜሮ ሆኖ ከቆየ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ኬብሉ ከተቀየረ በኋላ የ199 ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም። መታየት ያለበት መጨመሩን ማቆሙ ነው።

ከባዱ አደጋ በሬይድ 5 ላይ በኬብል ጥፋት ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ከመስመር ሲወጡ የሚመጣው ነው። ሬይዱ ይቆማል፤ መረጃው ግን በዲስኮቹ ላይ ሊኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ ተደናግጦ ሬይዱን እንደ አዲስ ማዋቀርና “ኢኒሻላይዝ” የሚለውን መጫን የተረፈውን ያጠፋል። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍቶ ኬብሎቹን ማየት፣ የዲስኮቹን ተራ በወረቀት መጻፍና ለባለሙያ ማሳየት ይቀድማል። ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂን እንደማይተካም መዘንጋት የለበትም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በሁሉም ዲስኮች ላይ ይሰረዛል፤ የተዘረፈ ሰርቨርም ዲስኮቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ቅጂው ከሕንፃው ውጭ መቀመጥ አለበት።

መጥኖ መደቆስ

ከመግዛት በፊት የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። የካርዱ መሰኪያ ፎቶ ይነሳል። ዲስኮቹ በቀጥታ ይሰካሉ ወይስ በባክፕሌን የሚለው ይጣራል። ርዝመቱም ኬብሉ በሚያልፍበት መንገድ በሲባጎ ይለካል። ሳታ ኬብል ከ1 ሜትር ማለፍ የለበትም። በጣም ያጠረውም ክዳኑ ሲዘጋ መሰኪያውን ይስባል። ከመሰኪያው ሥር በኃይል የታጠፈ ኬብል ዕድሜ የለውም።

ይህን ያጣራ ገዢ “ኬብል 2 ፍሬ” ብሎ አይጽፍም። ስምንት ሳታ ዲስኮችን በ12 ጊጋቢት ካርድ ላይ በቀጥታ ለሚሰካ ሰው የፕሮፎርማው መስመር እንዲህ ይሆናል፦ “ኬብል፣ በካርዱ በኩል ኤስኤፍኤፍ-8643፣ በዲስኩ በኩል አራት ሳታ፣ ፎርዋርድ፣ ርዝመቱ 75 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ፍሬ።” ሦስተኛው ለመለዋወጫ ነው። ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ጉዞና ሥራ ፈትተው ከሚያልፉት ቀናት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ሻጩም ቢሆን የጻፈውን ካላቀረበ ገዢው ዕቃውን የሚመልስበት ማስረጃ በእጁ አለ።