የእንጦጦ ፍቅር ስንት ያወጣል?

የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ገንዘብ የሚስበው ወጪው ቀላል ስለሆነ ነው። በ1999 ዓ.ም እንደወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ዘመኑ የዛሬ ከሆነ መንገዱም ካፌውም ልብሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ታሪኩ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ወደ ጫኑበት ወደ 1882 ዓ.ም ከተመለሰስ? እስቲ እናስላው። ቤተ ክርስቲያኑና የቤተ መንግሥቱ ግቢ እዚያው አሉ። ተዋናዩ ግን ካባ፣ አጃቢው ጋሻ፣ ሙሽራዋ በቅሎ ይፈልጋሉ። ልብሱን ከተራራው ሥር፣ ሺሮ ሜዳ፣ ማሠራት ይቻላል፤ የፋብሪካ ክር ግን ካሜራ ፊት ይታወቃል፣ የእጅ ፈትል ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ከሁሉ የሚያስቀው ባሕር ዛፉ ነው! ተራራውን የሸፈነው ከዘውዱ በኋላ በመሆኑ ካሜራው ዞር ባለ ቁጥር ዘመኑን ያፈርሳል። ብልህ አዘጋጅ ታዲያ ፍቅሩን ወደ እልፍኝ ያስገባዋል፤ ጥቂት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ ብዙ ቀልድ። ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴም ድርሰቱ ሲቀርብለት አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ስንቱ ትዕይንት ደጅ ነው?