ዋይፋይ እስከ ጓዳ

የፋይበር መስመር ዘርጊዎቹ ገመዱን ከምሰሶው ወደ ግቢ ያስገባሉ፣ ለመግቢያው የቀረበውን ግድግዳ ይበሳሉ፣ ዋይፋይ የምትረጨውን ሳጥን ሳሎን ጥግ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሳሎን ውስጥ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ፎቅ ላይ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ ግን ቪዲዮው ቆሞ መሽከርከር ይጀምራል፤ ሰርቪስ ቤት ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወይ ወርሃዊ ጥቅሉን ያሳድጋል፣ ወይ ባለ ስድስት አንቴና ራውተር ይገዛል። በብሎኬትና በአርማታ በተሠራ ቤት ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን አይነኩትም።

እቤት ድረስ የሚመጣው ኢንተርኔትና ቤት ውስጥ የሚያከፋፍለው ዋይፋይ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ላፕቶፕዎን በኬብል ሳጥኗ ላይ ሰክተው ፍጥነቱን ይለኩ፤ ከዚያ መኝታ ቤት ሆነው በስልክ ይለኩ። በኬብል የከፈሉበት ፍጥነት መጥቶ መኝታ ቤት ግን ጥቂቱ ብቻ ከደረሰ፣ ችግሩ ከግቢ ውጭ አይደለም።

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ቤት ውስጥ በብዛት የሚሠራው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፣ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ርዝመቱ የዚያ ግማሽ ያህል ሲሆን ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ግድግዳ ሲገጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። በሁለት ወገን የተለሰነ ብሎኬት ይቀንሰዋል፤ ፌሮ የታሰረበት ሶሌታ የባሰ ያዳክመዋል፤ ቆርቆሮና የብረት በር አብዛኛውን ወደ መጣበት ይመልሱታል። የቁም መስታወትም ጀርባው ብረት የተቀባ ስለሆነ ያግዳል፤ ውኃ የሞላ ሮቶ ደግሞ ይውጠዋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ራውተር እዚያ ቤቱን ሙሉ ያዳርስ ከነበረ፣ እዚያ ብዙው መኖሪያ ቤት ከእንጨትና ከጂፕሰም ቦርድ ስለሚሠራ ነው። ካርቶኑ ላይ የታተመው የካሬ ሜትር ቁጥርም የእኛን ሶሌታ አስቦ የተጻፈ አይደለም።

ጉልበተኛ ራውተር ለምን አይበቃም? የዋይፋይ ግንኙነት ደርሶ መልስ ስለሆነ ነው። ራውተሩ ጮክ ብሎ ቢልክም፣ መልስ የሚሰጠው ስልክ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ደካማ ማሠራጫ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዴ ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሞልቶ እየታየ ፎቶ አልሄድ የሚለው፤ የራውተሩ ወደ ስልኩ ይደርሳል፣ የስልኩ ወደ ራውተሩ አይመለስም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሳጥኗን ማንቀሳቀስ ይቀድማል። ከቡፌው ውስጥና ከቴሌቪዥኑ ኋላ ትውጣ፤ ወደ ቤቱ መሐል፣ ከተቻለ ወደ ደረጃው አጠገብ፣ ከፍ ብላ ትቀመጥ። ደረጃው የተከፈተ ቦታ ስለሆነ ሞገዱ በሶሌታው በኩል ከማለፍ ይልቅ በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ዘንግ መሰሉ አንቴና ሞገዱን የሚረጨው እንደ ቦምቦሊኖ ዙሪያውን እንጂ በጫፉ በኩል አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ያንኑ ፎቅ ያዳርሳል፤ ላይኛው ፎቅ እንዲደርሰው ከፈለጉ አንዱን ጋደም ያድርጉት።

ይህ ካልበቃ ሰው የሚሮጠው ወደ ሪፒተር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሪፒተር የሰማውን በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚናገር ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ብዙዎች ደግሞ ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል፤ እዚያ የሚደግመው ነገር የለም። ቦታው መሐል መንገድ ላይ ነው። ሜሽ የሚባለው ከዚህ ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት ሳጥኖች በአንድ ስም ይሠራሉ፣ ስልክዎ ከሳሎን ወደ ፎቅ ሲወጣ ወደ ቀረበው ይሸጋገራል። የቲፒ ሊንክ ዴኮ ለምሳሌ ከዚህ ወገን ነው። ሆኖም ሳጥኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአየር ከሆነ ያው ሶሌታ በመሐላቸው ይቆማል።

እኔ አጥብቄ የምመክረው ኬብል ነው። ከታችኛው ሳጥን አንድ የኔትወርክ ኬብል ወደ ፎቅ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት (ከኬብሉ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚረጭ ሳጥን) ወይም የሜሹ ሁለተኛ ሳጥን ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ሶሌታው አያገባንም። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ካት 6 ይግዙ፣ ሽቦው ግን ሙሉ መዳብ መሆኑን አይተው ነው። ገበያ ላይ አሉሚኒየሙ መዳብ የተቀባ ኬብል አለ፤ ጥቅሉ ሲነሳ ይቀላል፣ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ሲያደርጓት ከቀዩ ሥር ነጩ ብቅ ይላል። እሱ ቶሎ ይሰበራል፣ ፍጥነትም ያወርዳል። ወደ ሰርቪስ ቤት የሚሄደው ለውጭ የተሠራ ወይም በቱቦ ውስጥ ያለፈ ይሁን፤ የውስጡ ኬብል ልባሱን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።

አሮጌ ራውተር ካለ ሁለተኛ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ወደ አክሰስ ፖይንት ይቀይሩት። እንዲያው ከሰኩት ሁለቱም አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ ታች ያለው ፕሪንተር ፎቅ ላለው ላፕቶፕ አይታይም።

ቤት እየሠሩ ያሉ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ልስን ከመጀመሩ በፊት ለመብራት ቱቦ ሲቀብር፣ ከሳሎን ወደ እያንዳንዱ ፎቅ ኮሪደርና ወደ ሰርቪስ ቤት ለኔትወርክ ብቻ የሚሆን ባዶ ቱቦ እንዲያስቀር ይንገሩት። በኋላ ግድግዳ ከመቆርቆር ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

ኮንዶሚኒየም ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ አንድ ራውተር በቂ ነው፤ የሚያስቸግረው የጎረቤት ብዛት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ሕንፃው ሙሉ በሦስቱ ላይ ይጋፋል። ስልክና ቴሌቪዥን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይሂዱ፤ ግድግዳው ያን ሞገድ ማዳከሙ እዚህ ጥቅም ነው፣ የጎረቤቱንም ያስቀርልናል።

መብራት ሲጠፋስ? በመንገድ ላይ ያሉት የቤት ፋይበር ማከፋፈያዎች አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ስለዚህ የሚቀረው የቤቱን ዕቃ ማቆየት ነው። ሳጥኗና፣ ለብቻው ካለ፣ ራውተሩ በ12 ቮልት የሚሠሩ ከሆነ አንድ ሚኒ ዩፒኤስ ለሰዓታት ሊይዛቸው ይችላል፤ ቮልቱን ቻርጀሩ ላይ አንብበው ይግዙ። ፎቅ ያለው አክሰስ ፖይንት በዚያው የኔትወርክ ኬብል መብራት የሚያገኝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መብራቱን ወደ ኬብሉ የሚያስገባውን ማጉረሻም ከባትሪው ጋር ያገናኙት፤ አለበለዚያ ታች ያለው እየሠራ ላይኛው ይጠፋል።