ከወር አበባ ጋር የሚመጣ የደረት ውጋት

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አንዲት ሴት ጎኗን ሲወጋት «ብርድ ነው» ይባላል። ደም የተቀላቀለበት አክታ ከታየባት ደግሞ ሁሉም የሚያስበው የሳንባ ነቀርሳን ነው። አገራችን ነቀርሳ ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ስለሆነች ግምቱ አያስገርምም፤ አክታ ማስመርመሩም ግድ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ወር እየጠበቀ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ከሆነ ሌላም ነገር መጠርጠር ያሻል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው በሽታ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚፈጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ገደማ ያጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ውስጥ ይገኛል። አልፎ አልፎ ግን ሆድንና ደረትን በሚለየው ድያፍራም፣ በሳንባ ሽፋን ወይም በራሱ በሳንባው ላይ ይበቅላል። የትም ቢሆን የወሩን ሆርሞን ይከተላል፤ ማህፀን ሲደማ እርሱም ሊደማ ይችላል።

በደረት ላይ በብዛት የሚታየው ጉዳት አየር ከሳንባ ውጭ ተጠራቅሞ ሳንባውን ሲያጨማድደው ነው። የወር አበባ ከመምጣቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 3ኛው ቀን ድረስ ድንገተኛ ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ይከሰታል፤ ሕመሙ ወደ ትከሻም ይወጣል። ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ የሚጎዳው የቀኙ ወገን ነው። በሆድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲዘዋወር ወደ ቀኙ ድያፍራም ስለሚያመራ ነው የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። በአንዳንዶቹ በሳንባ ዙሪያ ደም ይቋጥራል፤ ደም የሚያስሉም አሉ።

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ምርመራው ነው። በወሩ አጋማሽ የተነሳ ራጅ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ከዚህም በላይ እህቶቻችን ለወንድ ሐኪም የወር አበባን ነገር ማንሳት ያፍራሉ። ሐኪሙም ካልጠየቀ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለናል። እናትን ወይም እህትን ይዞ መግባት ይረዳል። ውጋቱ የጀመረበትንና ወር አበባው የመጣበትን ቀን ለ3 ወር ያህል በወረቀት ጽፎ ማሳየት ደግሞ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። ከጤና ጣቢያ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ሪፈር የተጻፈላትም ያንን ወረቀት ይዛ ትሂድ። የነቀርሳ መድኃኒት የጀመረች ግን በዚህ ጽሑፍ ተነሥታ በራሷ እንዳታቋርጥ አደራ እንላለን።

ሕክምናው አየሩን ወይም ደሙን በቱቦ ማውጣት፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ነው። ሕመሙ ስለሚመላለስ የወር አበባን የሚያቆም ሆርሞን ይታዘዛል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለእርግዝና መከላከያ የሚሰጡት እንክብልና መርፌ ናቸው። ስለዚህ ያላገባች ልጅ ይህ ቢታዘዝላት ቤተሰብ ሊደነግጥ አይገባም፤ ለሕመሟ የተሰጠ መድኃኒት ነው። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ባለትዳር ግን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ትኬት የቆረጡ እህቶችም ይህን ልብ ይበሉ። በደረት ውስጥ የተጠራቀመ አየር በአውሮፕላን ከፍታ ላይ ስለሚሰፋ፣ ሐኪም ሳይፈቅድ መብረር ለሕይወት ያሰጋል።