ደሙ ከቆመ በኋላ

አንድ ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ሲገባ ሁላችንም «ይተርፋል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ደሙ ቆሞ፣ ግፊቱ ረግቶ፣ ሐኪሙም «ለጊዜው ተርፏል» ካለ በኋላ ሌላ ረዥም ትግል እንደሚጀመር ብዙዎቻችን አንገነዘብም። በዚህ ትግል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የነርስና የአስታማሚ እጅ ነው።

ይህን የምንለው ነርሶችን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተደረገ ጥናት ታትሟል። በአንደኛው ወገን ነርሶቹ ሦስት ነገሮችን በሥርዓት እንዲከታተሉ ተደረገ፤ እነርሱም ትኩሳት፣ የደም ስኳርና የመዋጥ ችሎታ ናቸው። ከ90 ቀን በኋላ በዚህ ወገን የሞቱት ወይም ያለ ሰው ርዳታ መኖር ያቃታቸው ከመቶ 42 ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን ከመቶ 58 ነበሩ። ለዚህ ውጤት አዲስ መድኃኒት አላስፈለገም።

የመዋጥን ነገር እንመልከት። ጉሮሮው የደከመ በሽተኛ የሚጠጣው ነገር፣ አንዳንዴም ሳያስለው፣ ወደ ሳምባው ይገባል፤ የሳምባ ምችም ይከተላል። በአገራችን ግን ዘመድ ገና አልጋው አጠገብ እንደ ደረሰ ከፔርሙዙ አጥሚት ይቀዳል። ነገሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም የመዋጥ ምርመራ ሳይደረግ ከተሰጠ ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው መኝታው ነው። ራሱን ማገላበጥ ያልቻለ ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሲቆይ ዳሌውና ተረከዙ ይቆስላል። ስለዚህ በተለምዶ በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይገላበጣል። የዛለው ክንዱ አይጎተትም፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላልና። መጋጠሚያዎቹም እንዳይደርቁ በየቀኑ በቀስታ ይንቀሳቀሳሉ።

ሦስተኛው አንደበት ነው። ብዙውን ጊዜ የአንጎል ግራ ወገን ሲጎዳ ንግግር ይጠፋል። መናገር ያቃተው ሰው ሁሉ ግን መረዳት አቅቶታል ማለት አይደለም። ራስጌው ቆሞ «አለቀለት» ብሎ ማንሾካሾክ ጭካኔ ነው። ባጭሩ እየጠየቁ፣ በራሱ ወይም በእጁ ምልክት እስኪመልስ መታገሥ ይገባል።

ጓደኞቻችን ሆይ! የሕክምና ተማሪዎች ስላልሆንን ይህ አይመለከተንም ልንል አንችልም። በአገራችን በሽተኛውን የሚያጥበውና የሚያበላው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው፤ ቤት ሲመለስም ሸክሙ በእናትና በእኅት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጣ ነርሷን «ምን መዋጥ ይችላል? እንዴት እናገላብጠው? የግፊቱን መድኃኒት እስከ መቼ ይወስዳል?» ብለን እንጠይቅ። «ተሻለው» ተብሎ መድኃኒቱ ቢቋረጥ ደሙ ዳግመኛ ሊፈስ ይችላል። ከጠየቅንም በኋላ ማስታመምን ለሴቶች ብቻ አንተው፤ የሌሊቱን ተራ እኛም እንካፈል።