የልቡናን በር መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቦረና ምድር «ቱላ» የሚባሉት የጥንት የውኃ ጉድጓዶች እጅግ ጥልቅ ከመሆናቸው የተነሣ፣ ሰዎች ከታች እስከ ላይ እንደ መሰላል ተደርድረው፣ እየዘመሩ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። ዝናም በማይኖርበት ወራት ብዙ መንጋ ወደ አንድ ኤላ ይመጣል። ሆኖም ከብቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይገባም። የዕለቱን ተራ የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ አለ። ይህ ሥርዓት ባይኖር የተጠማው መንጋ ተጋፍቶ ገንዳውን ያፈርስ፣ ውኃውንም ያደፈርስ ነበር። ጉድጓዱ ሳይደርቅ የሚጠጣ ውኃ ይታጣል።

የሰው ልቡናም እንዲሁ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ከሚጠበቀው ሁሉ ይልቅ ልባችንን እንድንጠብቅ የመከረን የሕይወት መውጫ ስለሆነ ነው (ምሳ. 4፥23)። ሐሳብ ከዚህ ጉድጓድ በር አይጠፋም፤ ቀንም ሌሊትም ይመጣል። እንዳይመጣ ማድረግ አይቻለንም። የሚቻለን በበሩ ላይ ጠባቂ ማቆም ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ጥበቃ በክርስትና ሕይወት እንዴት እንደሚፈጸምና አጥቢያዎቻችን ለዚህ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩ ለምን አሁን?

ከነገሌ እስከ ያቤሎ፣ ከዱብሉቅ እስከ ሞያሌ ያለው ሕዝብ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አምስት ተከታታይ የዝናም ወቅቶች ከድተውታል። ሐጋያም ጋናም ቀሩ። መንጋ የነበረው አባወራ ለእርዳታ ተሰለፈ፤ ዱቤ የሰጠው ነጋዴ ባዶ መደርደሪያ ታቅፎ ቀረ፤ ወጣቱም ሥራ ሲያጣ ቀኑን በጫት፣ ሌሊቱን በስልክና በውርርድ መግፋት ለመደ። ዝናሙ ከተመለሰ በኋላም በብዙ ቤት ያልተመለሰ ነገር አለ፤ እርሱም የልብ ዕረፍት ነው። የተጎዳ ልብ ደግሞ በሩ እንደ ተሰበረ ቅጥር ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይገባበታል።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በድርቁ ጊዜ በአንዲት ከተማ የእርዳታ እህል ሲታደል፣ እህሉ በእምነት እየተለየ እንደሚሰጥና ምእመናኖቻችን እንደ ተዘለሉ የሚናገር መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። መጀመሪያ የጻፈውን ሰው አላውቀውም። ቢሆንም ልቤ ወዲያው አመነው፤ አስቀድሞ ደክሞና ተቆጥቶ ነበርና። መልእክቱን ለሁለት ወንድሞች አስተላለፍሁት። በማግሥቱ መዝገቡን ስመረምር የተዘለሉት ቤተ ሰቦች ከሁለቱም ወገን መሆናቸውን፣ ምክንያቱም የአንድ ቀበሌ ዝርዝር ዘግይቶ መድረሱ እንደ ነበረ አየሁ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ገበያ ደርሷል። ለዓመታት ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤታሞች በዚያ ሳምንት ሰላምታ ተነፋፈጉ። እህሉ በሦስተኛው ቀን ተዳረሰ፤ ሰላምታው ግን ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ሐሳብ በደረጃ ይገባል

ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት እንደሚፈጸም ታስተምራለች። ነገር ግን በሐልዮም ውስጥ ደረጃ አለ። መጀመሪያ ሐሳቡ ብቅ ይላል። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ መንገደኛ በራችንን ስላንኳኳ አንወቀስም። ቀጥሎ ከሐሳቡ ጋር መነጋገር ይመጣል፤ ሰውዬው ያስቀምጠዋል፣ ይጠይቀዋል፣ ያስተናግደዋል። ከዚያ መስማማት ይከተላል። በመጨረሻም ሐሳቡ ልማድ ይሆንና እንግዳ የነበረው ባለቤት ይሆናል። ብዙ ምእመናን ሐሳቡ ስለ መጣባቸው ብቻ ራሳቸውን ኮንነው ከቅዱስ ቍርባን ይርቃሉ። ሌሎች ደግሞ «ማሰብ ምን ችግር አለው?» ብለው ለወራት ያስተናግዱታል። ሁለቱንም የሚያድናቸው ይህን ደረጃ ማወቅ ነው።

እናታችን ሔዋን የወደቀችው እባቡ ስለ ጠየቃት ብቻ አልነበረም። መለሰችለት፤ ነገሩ ረዘመ፤ ዛፉን አየች፤ ከዚያም ወሰደች (ዘፍ. 3)። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ በተራበ ጊዜ ለእያንዳንዱ ፈተና ከመጽሐፍ አጭር መልስ ሰጥቶ በመጨረሻ ፈታኙን አባረረው (ማቴ. 4፥1-11)። ረኃቡ እውነተኛ ነበር፤ የቀረበለትም እንጀራ ነበር። ስለዚህ የተራበ ሰው ፈተናን መቋቋም አይችልም ማለት አንችልም፤ ክርክሩን ማስረዘም ግን ለጠገበም ለተራበም አደገኛ ነው።

ክፉ ሐሳብ መልካም ልብስ ለብሶ ሲመጣ

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአገራችን ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ጥር 22 ቀን የምናስበውን የአባታችን የቅዱስ እንጦንስን ሕይወት ጽፎልናል። እንጦንስ ያለውን ትቶ በመነነ ጊዜ ጠላት መጀመሪያ ያመጣበት አስፈሪ አውሬ አልነበረም። የተወውን ንብረት አሳሰበው፤ ስለ እኅቱ እንዲጨነቅ አደረገው፤ የዘመድ ፍቅርን አነሣበት። ስለ እኅት ማሰብ መልካም ነገር ነው። ክፉው ሐሳብ የገባው ግን በዚህ መልካም ነገር ተሸፍኖ ነበር።

በእኛም ዘንድ ቂም «ለልጆቼ ስል ነው» እያለ ይመጣል። ሐሜት «እውነቱ ይታወቅ» ይላል። የጎረቤት ጥላቻ «ለሃይማኖቴ ቀንቼ ነው» የሚል ካባ ይደርባል። ታዲያ በምን እንለየው? እንጦንስ ለመነኮሳቱ ያስተማረው መለያ ሐሳቡ በነፍስ ላይ ጥሎት የሚሄደውን ፍሬ ማየት ነው። ከእግዚአብሔር የሆነው በመጀመሪያ ቢያስደነግጥ እንኳ ኋላ ደስታንና ጸጥታን ይተዋል። ከጠላት የሆነው ሁከትን፣ ጭንቀትን፣ ወንድምን መጥላትንና የጸሎት ስልቸትን ይተዋል። እኔ ያን መልእክት ባነበብሁ ጊዜ ልቤን መርምሬው ቢሆን ኖሮ ያገኘሁት ለተራበው ማዘንን አልነበረም፤ የምጠላው ሰው በማግኘቴ የተሰማኝን ስውር ደስታ ነበር።

ባዶ ቤት አይጠበቅም

ጌታችን ርኩስ መንፈስ የወጣለትን ሰው በምሳሌ ሲያስተምር፣ ተጠርጎና አጊጦ ባዶ የቀረውን ቤት ሰባት የባሱ መናፍስት ይዘው እንደሚመለሱበት ነግሮናል (ማቴ. 12፥43-45)። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ነዋሪ ግን አልነበረውም። ወጣቱን «ጫት ተው፣ ስልክህን ዝጋ» ብሎ ብቻ መተው ቤቱን ጠርጎ ባዶውን መተው ነው።

ቤቱ የሚሞላው በክርስቶስ ነው፤ መንገዱም ቤተ ክርስቲያን የሠራችልን የታወቀ ሥርዓት ነው። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ቀኑን ይከፋፍሉታል፤ የሁሉን መጸለይ ያልቻለ ምእመን ጠዋትና ማታ ውዳሴ ማርያምና ከዳዊት ጥቂት ቢጸልይ ለልቡ ሁለት ዘብ አቁሟል። ጾም ሥጋ የጠየቀውን ሁሉ ወዲያው አለመስጠትን ስለሚያስለምድ ለሐሳብም ልጓም ይሆናል። ቅዱስ ቍርባን የቤቱን ጌታ ራሱን ያስገባል። የእጅ ሥራም ከዚህ አይለይም፤ እንጦንስ በእጁ ይሠራ፣ ከሚያገኘውም ለድኾች ይሰጥ ነበር።

ንስሐ ደግሞ በሩን በብርሃን ይሞላዋል። በጨለማ ያደገ ሐሳብ ለንስሐ አባት ሲነገር ኃይሉ ይቀንሳል። እንጦንስ ወንድሞችን የነፍሳቸውን እንቅስቃሴ ለሌላ ሰው እንደሚነግሩ ሆነው እንዲጽፉ ይመክራቸው ነበር፤ ሰው ሊያየው ነው ብለን የምናፍርበትን ነገር ለማድረግ እንቸገራለንና። በአካባቢያችን ብዙ ምእመናን ልባቸውን የሚገልጡት በአፋን ኦሮሞ መሆኑን ግን አንርሳ። ኃጢአቱን በአስተርጓሚ ለመናገር የሚገደድ ሰው ዝም ማለትን ይመርጣል፤ ዝም ያለው ሐሳብም ውስጥ ውስጡን ይሠራል።

ሁሉን በጠላት አናሳብብ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበሩ ወታደሮች ምግባቸው ተበላሽቶ፣ የውኃ ፓምፓቸውም ተሰብሮ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ቢከለከሉ አመፁ፤ ሊያነጋግራቸው የተላከውንም ጄኔራል ይዘው ከምግባቸውና ከውኃቸው እንዲቀምስ አስገደዱት። በዚያ ጊዜ ስለ ትዕግሥት ብቻ ቢሰበክላቸው ምን ይጠቅም ነበር? የተሰበረ ፓምፕ መጠገን አለበት። የሰው እውነተኛ እሮሮ «ክፉ ሐሳብ» ተብሎ ሲታፈን ወደ ቂም ይለወጣል። ኮሚሽናችን በ1964 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ውኃና እህልን ከወንጌል ሳይለይ የሚሠራውም ሰው ነፍስና ሥጋ ስለሆነ ነው።

ሕመምም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ለሳምንታት ያልተናገረ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም መሞት እንደሚሻለው የሚናገር ሰው የእምነት ጉድለት አለበት ብለን አንፍረድበት። ጸሎቱና ጸበሉ ሳይቋረጥ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለአእምሮ ሕመምም ያገለግላል።

በሌላ በኩል፣ ጎረቤትን «ቡዳ ነው» ወይም «መተት አድርጎብኛል» ብሎ መክሰስ ራሱ የጠላት ሥራ ነው። ከክፉ መንፈስ እንጠበቃለን ብለን ወንድማችንን ብንጠላ በሩን ከውስጥ ከፈትንለት ማለት ነው። በክርስቶስ የተጠመቀ ሰው ጠባቂ እንጂ ፈሪ አይደለም።

በአጥቢያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ካህናት በጉባኤ ቀናት የሐሳብን ደረጃ በምእመናኑ ቋንቋ ያስተምሩ፤ ሐሳብ በመምጣቱና ሐሳብን በማስተናገድ መካከል ያለውን ልዩነት ሕፃናት እንኳ ሊረዱት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የንስሐ አባት እንዳለው በመዝገብ ያረጋግጥ፤ አፋን ኦሮሞ የሚችል ካህን በአጥቢያው ከሌለ ለወረዳው ቤተ ክህነት በጽሑፍ ያመልክት።

ሦስተኛ፣ ወሬን በሚመለከት የጋራ ደንብ ይኑር። ጎረቤትን ወይም ሌላ እምነትን የሚከስ መልእክት ሲደርስ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ያየው ሰው ማን ነው? የተከሰሰው ወገን ምን ይላል? ይህን ማስተላለፌ ማንን ይጠቅማል? መልስ ያልተገኘለት መልእክት አይተላለፍ። ከተማው ውስጥ ካሉ ሽማግሌዎችና የሌሎች እምነት አባቶች ጋር አስቀድሞ መተዋወቅ ለማጣራት ይረዳል፤ በግጭት ቀን ስልክ ቍጥር መፈለግ ዘግይቶ መነሣት ነው።

አራተኛ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚሠራ ሥራ ይሰጣቸው፤ የአረጋውያንን ቤት መጠየቅ፣ ችግኝ ማጠጣት፣ የእርዳታ መዝገብ ማገዝ። ባዶ ሰዓት ባዶ ቤት ነው።

አምስተኛ፣ መንጋውን ወይም ንግዱን ያጣ አባወራ ከቤተ ክርስቲያን ሲቀር ሁለት ሰዎች ሄደው ይጠይቁት። ሞትን የሚመኝ ሰው ለብቻው አይተው፤ ቤተ ሰቡ ይነገረው፤ ወደ ሕክምና ሲሄድም አብሮት የሚሄድ ሰው ይመደብለት።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው ኃይል በላይ ነው። ቱላውንም አንድ ሰው አይቀዳውም፤ ከታች የቆመው ለሚቀጥለው፣ እርሱም ለሌላው እያቀበለ ነው ውኃው ከላይ የሚደርሰው። የንስሐ አባት፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ጎረቤትና ጓደኛ እንዲሁ እየተቀባበሉ የአንዱን ልብ ይጠብቁ። በሩን የሚያጸናልን የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።